ኩሬው እና ደቻቱ

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ይጽፋል። ደመወዙ ደህና ሆኖለታል፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ከገቢው 10 በመቶ ልሰጥ ነው ብሏል። አሥራት አይደለም። ዘካም አይደለም፤ ዘካ 2.5 በመቶ ነው፣ እሱም ከተረፈ ሀብት ላይ ነው። ይሄኛው «ኢፌክቲቭ አልትሩዝም» የሚባለው እንቅስቃሴ ሰዎች የሚገቡት ቃል ነው፦ ከምታገኘው ላይ 10 በመቶ፣ ዕድሜ ልክህን፣ አንድ ብር ብዙ ሕይወት ወደሚያድንበት ቦታ። መጻሕፍቱን በስልክ ላከልኝና «አንብቢው፤ ተሳስተሃል ካልሽኝ የተሳሳትኩበትን ገጽ ንገሪኝ» አለኝ።

ሁለታችንም ደቻቱ ነው ያደግነው። ስለዚህ ያነበብኩት እዚሁ ሆኜ፣ ደረቁን ወንዝ እያየሁ ነው። ገጹን አገኘሁት መሰለኝ። ችግሩ፣ ገጹን ሳገኝ የራሴንም ወገን ስህተት እዚያው አገኘሁት። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የጻፍኩት መልስ ትንሽ ተራዝሞ ነው። (እ.ኤ.አ. ያላልኩበት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ላይኛው የሌለው ውኃ

የነገሩ ሁሉ መነሻ ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው «ረሃብ፣ ምቾትና ግብረ ገብ» የሚል አጭር ድርሰት ነው። ያኔ የዛሬዋ ባንግላዴሽ ሕዝብ በጦርነትና በስደት እያለቀ ነበር። ሲንገር አንድ ምሳሌ ያመጣል፦ በመንገድህ ስትሄድ አንድ ሕፃን ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ሲሰጥም ታያለህ። ገብተህ ብታወጣው ልብስህ በጭቃ ይበላሻል፤ ሌላ የምትከፍለው የለም። ማንም ጤነኛ ሰው ገብቶ ያወጣዋል። እንግዲያው፣ ይላል ሲንገር፣ ሕፃኑ ከፊትህ ሳይሆን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢሆንና የልብስህ ዋጋ ሊያድነው የሚችል ቢሆን ልዩነቱ ምንድን ነው? ርቀት የግብረ ገብ ሚዛን አይደለም።

ምሳሌው ጠንካራ ነው። ኃምሳ ዓመት ሙሉ ፈላስፎች እየተመላለሱበት ብዙም አልተነቃነቀም። እኔም አልነቀንቀውም። ግን አቦ፣ ይሄን ደቻቱ ላይ ሆኖ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

ለማያውቀው፦ ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ በአንድ በኩል ባቡሩ ያቆማት ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ወንዝ ስላችሁ ውኃ እንዳይመጣባችሁ። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ይነገድበታል፣ ፍየል ይውልበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ሞላ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሌላ ብዙ ሰው የገባበት ጠፋ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መጠለያ አልባ ሆነ። ልጅ ነበርኩ። ድምፁን ባቡር ነው ብዬ እንደነበር አስታውሳለሁ።

በዚያ ሌሊት የሲንገር መንገደኞች ነበሩ። ገመድ ወርውረው፣ በር ገንጥለው፣ ሰው የጎተቱ ጎረቤቶች ነበሩ። ማንም ስለ ልብሱ አላሰበም። ሲነጋ ግን ሰፈሩ የጠየቀው ጥያቄ «ማን ገባ፣ ማን አልገባም» የሚል አልነበረም። ቤቶቹ ለምን ወንዙ አፍ ላይ ተሠሩ? ማን ፈቀደ? ርካሽ ኪራይ ሌላ ቦታ ለምን የለም? ከላይ ያለው ተራራ እንዴት እንዲህ ራቁቱን ቀረ? ደጋው ላይ ዝናቡን ያየ ሰው ለታችኛው ሰው የሚናገርበት መንገድ ለምን አልነበረም?

የኩሬው ምሳሌ ጉድለት ይህ ነው፤ ኩሬ ላይኛው የለውም። ውኃው ከየትም አልመጣም፣ ሕፃኑም ከየትም አልመጣም። ምሳሌው የሚጀምረው ሕፃኑ ከገባ በኋላ ነው። ለሲንገር ፍትሐዊ ልሁንና፣ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለውን ክርክር እዚያው ድርሰቱ ላይ አንስቶ ይመልሰዋል፤ አንተ ስላልሰጠህ መንግሥት ይሰጣል ማለት አይደለም ይላል። እውነቱን ነው። ግን የእኔ ጥያቄ ማን ይስጥ የሚል አይደለም። ላይ ማን አለ የሚል ነው።

እዚሁ አገር ይህን ጥያቄ በደንብ የጠየቀ ሰው አለ፤ አማርትያ ሴን። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥቶታል። የወሎው ረሃብ በደረሰ ጊዜ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። ሰዎቹ የሞቱት እህል ጠፍቶ ሳይሆን እህሉን የሚያገኙበት አቅምና መብት ጠፍቶ ነው። ያ ሕፃን ከኩሬው ዳር ቆሞ የሚያይ መንገደኛ አጥቶ ብቻ አልሞተም። መሬቱ የእሱ ስላልነበረ ነው የሞተው።

አጎበሩና በርሜሉ

ወንድሜ ይህን ስነግረው «እሺ፣ ግን አጎበሩስ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እንቅስቃሴው በጣም የሚኮራበት ነገር በመድኃኒት የተነከረ አልጋ አጎበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ጊቭዌል የተባለ ድርጅት የእርዳታ ድርጅቶችን ሥራ እየመረመረ የትኛው በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሕይወት እንደሚያድን ደረጃ ያወጣል፤ አጎበር አዳዮች ለዓመታት ከላይ ናቸው። ማስረጃውም የዋዛ አይደለም። በብዙ አገር መንደሮች በዕጣ ተከፋፍለው፣ አጎበር ያገኙትና ያላገኙት ተነጻጽረው፣ የሕፃናት ሞት እንደቀነሰ ታይቷል። በዚህ የሚቀልድ የግራ ሰው ካለ ወባ ያልያዘው ነው።

ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የሆነውን እንመልከት። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ከተማው ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ነበር። የገጠር ወባ አይደለም፤ የከተማ። ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ሄደው ያገኙት ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ይባላል። የእስያ ትንኝ ናት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። በወባ የታመሙ ሰዎች ቤት ዙሪያ የተያዙ ሰዎች ተሰባስበው ተገኙ፤ ትንኟ ካለችበት ቤት አካባቢ መኖር ከመያዝ ጋር በጥብቅ ተያያዘ፤ ትንኟ ውስጥም ተውሳኩ ተገኘ። ውጤቱ ወጥቶ ዓለም አነበበው።

ይህች ትንኝ የምትራባው ረግረግ ላይ አይደለም። በርሜል ውስጥ ነው። ሮቶ ውስጥ፣ ጄሪካን ውስጥ፣ ግንባታ ላይ ውኃ የሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ ውስጥ። ድሬ ውስጥ ሰው ለምን በርሜል ይሞላል? ቧንቧው በየቀኑ ስለማይመጣ። ውኃ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስተህ ትሞላለህ፤ ሳምንቱን ከዚያ ትቀዳለህ። ትንኟም ከዚያው ትፈለፈላለች። ደግሞም ሰው አጎበር ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ የምትመጣ አይደለችም፤ አመሻሽ ላይ፣ ሰው ደጅ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣም ትነክሳለች።

አጎበር ይጠቅማል፤ አሁንም ይጠቅማል። ነገር ግን የዚህ በሽታ ላይኛው ቧንቧ ነው። ወደ ሰንጠረዡ ስንመለስ ቧንቧ የለም። ለምን? ቧንቧ ሕይወት ስለማያድን አይደለም። በዕጣ ግማሹን ከተማ ውኃ ሰጥተህ ግማሹን ከልክለህ መፈተን ስለማይቻል፣ ውጤቱ በሃያ ዓመት ስለሚታይ፣ በመሃሉ ምርጫ፣ በጀት፣ ጨረታ፣ ሙስናና ጭቅጭቅ ስላለ ነው። አሚያ ስሪኒቫሳን የምትባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ2015 በጻፈችው ሂስ ተመሳሳይ ነገር ብላለች፦ እንቅስቃሴው ዓለምን እንዳለች ተቀብሎ በውስጧ አንድ ሰው በግሉ ምን ያድርግ ብቻ ይጠይቃል። የሚቆጠረው ነገር ብቻ በጎ ነገር ሆኖ ይቀራል።

በዚያው የድሬ ጥናት ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ደጋግሜ የማስበው። ተውሳኩ በፈጣን ምርመራ ላይ የሚታየውን ምልክት ያጣ ዓይነት ነበር። ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፣ ጣትህን ትወጋለህ፣ ምርመራው «ነፃ ነህ» ይልሃል። ትኩሳቱ ግን አለ። መለኪያው የማያየው በሽታ በሽታ መሆኑ አይቀርም።

እኛስ ስንቆጥር?

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። «ገጹን አገኘሁት፤ በጎነት ፖለቲካ ይጎድለዋል፤ 10 በመቶህን ተውና ተደራጅ» ብዬ ልጽፍለት ነበር። ያስቆሙኝ ጎረቤታችን ናቸው።

ጋሼ የሽሜንደፈር ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያም የቀበሌ ሊቀመንበር ሲያስፈራራቸው የነበረ ሰው ናቸው። የጻፍኩትን ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ እኛም እኮ ቆጥረን ነበር» አሉ።

እንቁጠር እንግዲህ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ለዘመናት የቆየው ጭሰኝነት በአንድ አዋጅ አበቃ። የትኛውም የበጎ አድራጎት ገንዘብ ይህን አያደርግም። «ፖለቲካ ውጤት የለውም» ለሚል ሰው ይህ ቀን መልስ ነው። በገንዘብ ተሰልቶ ቢሆን በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ ይቀመጥ ነበር?

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ1985 ደርግ የመንደር ምሥረታን በሰፊው የጀመረው የት ይመስላችኋል? ሐረርጌ። እዚሁ፣ ከእኛ በላይ ባለው ደጋ። ጎጆዎች ከየማሳቸው ተነሥተው በቀጥታ መስመር ተደረደሩ። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተዛወረ። ቁጥሩ ወደ ላይ ሪፖርት ተደረገ፤ ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ገበሬው ግን ከማሳው ራቀ፣ ከውኃው ራቀ፣ ማታ ማታ ማሽላውን ከአውሬ የሚጠብቅበት ጎጆ ጠፋ። በዚያው ዘመን በሰፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ብዙ ሰው በመንገድና በሰፈረበት ሞተ። ሐሳቡ መጥፎ ነው የሚል ወረቀት ላይ አይታይም፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ውኃ ለተሰበሰበ ሕዝብ በርካሽ ይደርሳል። ውጤታማ በጎነት ነው፤ ቆጣሪው መንግሥት ሆኖ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ቀይ ሽብር አለ። ኢሕአፓና መኢሶን የተለያዩት ለጭቁኑ ማን በተሻለ ያስብለታል በሚል አልነበረም ማለት ይከብዳል። ሁሉም የሚመጣውን ዘመን እየጠራ የዛሬውን ወጣት ከፈለው። ያኔ «ታሪክ» የሚባል ነገር ነበር፤ ከፊታችን ቆሞ የሚጠብቀን፣ የተከፈለለት ሁሉ የሚመለስለት።

ጋሼ ሲንገርን አያውቁም። ስነግራቸው ግን «ሁለቱም ሳይጠይቁኝ ነው የሚያስቡልኝ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ሂስ በእንግሊዝኛ አላነበብኩም።

የቀለጠው ብርጭቆ

ወንድሜ የላከው ሁለተኛው መጽሐፍ የዊልያም ማክአስኪል ነው፤ በአማርኛ «ለመጪው ዘመን ያለብን ዕዳ» ልንለው እንችላለን። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ክርክሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ያልተወለዱ ሰዎች ሰዎች ናቸው፤ እጅግ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕይወታቸውን ልናሻሽል ወይም ልናበላሽ እንችላለን። ስለዚህ ዛሬ ከሚሞተው ሰው ይልቅ የነገውን ዓለም የሚያጠፋው ነገር ላይ ማተኮር ትልቅ በጎነት ሊሆን ይችላል። ከሚያሰጉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው።

የመጽሐፉ ጥሩ ክፍል ስለ ብርጭቆ የሚናገረው ነው። ታሪክ እንደቀለጠ ብርጭቆ ነው ይላል፤ ትኩስ እያለ ቅርጹን ትቀይረዋለህ፣ ከቀዘቀዘ ግን እንደሆነው ይቀራል። በጣም ኃይለኛ ማሽን የአንድን ቡድን እሴት ለዘላለም ሊያደርቅ ይችላል። አምባገነንን ሞት ይገላግለን ነበር፤ ማሽን ግን አይሞትም። ይህ ፍርሃት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ ለወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። ግራው ክንፍ «የሮቦት ምጽአት» እያለ መሳቅ ይወዳል። እኔ አልስቅም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ጎርፍ ሊመጣ ይችላል» የሚል ሰው ላይ ለመሳቅ የመጨረሻው ሰው የደቻቱ ልጅ መሆን አለበት። የእኛ ጎርፍ ሁልጊዜ የሚመጣው እኛ ከማናየው ሰማይ ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጎርፍ ሊመጣ ነው የሚለው ሰው ላይ ሆኖ ምን እየሠራ ነው? ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲቋቋም ለትርፍ ያልቆመ ነበር፤ ዓላማውም ማሽኑ ለሰው ልጅ ሁሉ እንዲጠቅም ማድረግ ነበር። ከዚያ የወጡ ሰዎች ለደኅንነቱ የበለጠ እንጠነቀቃለን ብለው እ.ኤ.አ. በ2021 አንትሮፒክን አቋቋሙ። ከእንቅስቃሴው ትልልቅ ለጋሾች አንዱ የነበረው ሳም ባንክማን ፍሪድ፣ በኤፍቲኤክስ በኩል፣ 500 ሚሊዮን ዶላር እዚያ አስገባ። ማክአስኪል የዚሁ ሰው የበጎ አድራጎት ፈንድ አማካሪ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ወር ኤፍቲኤክስ ፈረሰ፤ ባለቤቱ የደንበኞችን ገንዘብ በማጭበርበር ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ2024 25 ዓመት ተበየነበት። ማክአስኪል ራሱ መጽሐፉ ውስጥ «ውጤቱ ጥሩ ስለሚሆን ብለህ ክፉ አትሥራ» ብሎ አስጠንቅቋል፤ ይህን መዝለል ግፍ ነው። ግን ማስጠንቀቂያ ልጓም አይደለም። ልጓሙን የሚይዘው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ይህን ቀድማ የተናገረችው አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከጉግል የወጣችው የቋንቋ ሞዴሎችን አደጋ በሚያሳይ ጥናት ምክንያት በተነሣ ግጭት ነው፤ እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ኩባንያው ለቀቀች ይላል። በዓመቱ ዴር የተባለ ነፃ የምርምር ተቋም መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከኤሚል ቶሬስ ጋር ያሳተመችው ጽሑፍ ከኢፌክቲቭ አልትሩዝም እስከ መጪ ዘመን አምላኪነት ያሉትን አስተሳሰቦች በአንድ ገመድ አስሮ ሥራቸው ከድሮው «የዘር ማሻሻል» ሐሳብ ይመዘዛል ይላል።

ጽሑፉ ብዙ እውነት አለው። ሆኖም ሳነበው የቆረቆረኝ ነገር አለ፤ ዘር ቆጠራ ነው። የአንድን ሐሳብ አያት ማን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፣ ነገር ግን እኛ አገር አያት ቆጥሮ መፍረድ የት እንደሚያደርስ እናውቃለን። ወንድሜ 10 በመቶውን የሚሰጠው የዘር ማሻሻል ደጋፊ ስለሆነ አይደለም። ሕፃን ሲሞት ስለሚያመው ነው። እሱን የሚያሸንፍ ክርክር ይህን ሕመም አክብሮ መነሣት አለበት። የትምኒት ጽሑፍ ጠንካራው ክፍል ከዘር ሐረጉ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ሁሉን አድራጊ ማሽን ከመሥራት ይልቅ ምን እንደሚሠራ የታወቀ፣ ሊፈተሽ የሚችል፣ ወሰኑ የተለካ ነገር ሥሩ የሚለው።

ላይ ማን አለ

ወሰን የሌለው ነገር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጪውን ዘመን መጠበቅ አያስፈልግም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ፣ ጥላቻ የሚቀሰቅሱ ልጥፎች ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቼ ነበር ይላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ክሱ የሚያነጣጥረው በጻፈው ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ ምን ከላይ ይታይ፣ ምን ይሰራጭ የሚለውን በሚወስነው ስሌት ላይ ነው። ቅልብጭ ያለ የኤአይ አስተዳደር ጥያቄ ነው፤ የጠየቀውም አባቱ የሞተበት ልጅ ነው።

እዚያው ናይሮቢ፣ አማርኛን ጨምሮ በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚለጠፈውን አስቀያሚ ነገር ቀኑን ሙሉ እያዩ የሚያጸዱ ወጣቶች አሉ። ቻትጂፒቲ ሲሠራም በሰዓት ከ2 ዶላር በታች እየተከፈላቸው ክፉ ክፉውን ጽሑፍ የለዩ ኬንያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ከ150 በላይ የሆኑ ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር እንግሊዝ አገር ብሌችሊ ላይ 28 አገሮች ስለ ኤአይ ደኅንነት መግለጫ ፈረሙ፤ ከአፍሪካ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ነበሩ። የኤአይን አስተዳደር ታሪክ ሲጽፉ ሁለተኛውን ስብሰባ ያስቀድማሉ። እኔ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ።

ምክንያቴ ስሜት አይደለም። የመጪው ዘመን አደጋና የዛሬው አደጋ ሁለት ወንዝ ተደርገው ይቀርባሉ፤ «ስለ ምጽአት የምታስቡ» እና «ስለ ዛሬ የምታስቡ» ተብለን እንከፈላለን። ላይኛቸው ግን አንድ ነው። በአማርኛ የተጻፈን አንድ የግድያ ቅስቀሳ እንዲያነሣ ማስገደድ ያልተቻለ ኩባንያ፣ ዓለምን ሊያጠፋ የሚችል ማሽን ሲሠራ በምን ይገደዳል? የሚያስገድደው ጡንቻ ያው ነው፤ ፍርድ ቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ሕግ፣ እምቢ የሚል ሠራተኛ። ዛሬ ካልተለማመደ ነገ ከየትም አይመጣም።

«መንግሥት ይቆጣጠረዋ» የሚል ካለ፣ እሱም ብቻውን አይበቃኝም። የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ ጸድቋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አዋጁ መልካም ጅምር ነው፤ ስለ ራስህ የተያዘ መረጃን የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል። ነገር ግን የአንድን ክልል ኢንተርኔት ለወራት የሚዘጋ መንግሥት እጅ ላይ የሚወድቅ ልጓም፣ ልጓም ነው ወይስ ጅራፍ? በቀጥታ መስመር የተደረደሩትን ጎጆዎች አንርሳ። ቆጣሪው ሲለወጥ ተቆጣሪው ካልተጠየቀ ምንም አልተለወጠም።

ማሽኑ ራሱ ለደቻቱ አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2024 የጉግል ተመራማሪዎች መለኪያ በሌላቸው ወንዞች ላይ ጭምር ጎርፍን ከቀናት በፊት የሚተነብይ ሞዴል ውጤት አሳተሙ፤ አፍሪካ ላይ የነበረውን ክፍተት በጣም አጠበበ። ድንቅ ሥራ ነው። ሞዴሉ የሚያሰላው ግን በቀን በቀን ነው፤ የትልልቅ ወንዝ ነው። ደቻቱ በሰዓታት ውስጥ ደርቆ፣ ሞልቶ፣ ገድሎ የሚያልፍ ነው። ለእኛ የሚበጀው ደጋው ላይ የዝናብ መለኪያ፣ መለኪያውን የሚያይ ሰው፣ ከዚያ ሰው እስከ መስጊዱና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚደርስ ስልክ፣ ሌሊት ሲጠራ ሰው የሚሮጥበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ ላለመኖር የሚያስችል ኪራይ ነው። ከእነዚህ አምስት ነገሮች ማሽን ሊያግዝ የሚችለው በአንዱ ወይ በሁለቱ ነው።

መልስ

እና ለወንድሜ ምን አልኩት?

ገጹ የኩሬው ገጽ ነው አልኩት። ስህተቱ ሕፃኑን አውጣ ማለቱ ላይ አይደለም፤ ላይኛውን ከሥዕሉ መሰረዙ ላይ ነው። የእኛ ሰዎች ስህተት ደግሞ ላይኛውን ለመያዝ ሲሮጡ ሕፃኑን ረግጠው ማለፋቸው ነው። ሁለቱም ባለቤቱን አልጠየቁም።

10 በመቶህን ስጥ አልኩት። አጎበር ግዛበት፤ አጎበር ሥር የሚተኛ ሕፃን የእኔን ሂስ አይጠብቅም። ነገር ግን በጎነትህ እዚያ ተፈጽሞ እንዳይመስልህ፤ ገንዘብህ ለአጎበሩ፣ ድምፅህ ለቧንቧው ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ሥራህን እይ አልኩት። አንተ እኮ መንገደኛ አይደለህም፤ ሶፍትዌር ትጽፋለህ፣ ላይኛው አንተ ነህ። መሥሪያ ቤትህ የሰዎችን መረጃ የሚመዝን ነገር ሥራ ቢልህ «የተመዘነው ሰው ይግባኝ የሚለው የት ነው?» ብለህ የምትጠይቅ አንተ ነህ፤ ብቻህን ከጠየቅህ ትባረራለህ፣ አሥራ አምስት ሆናችሁ ከጠየቃችሁ ስብሰባ ይጠራል። ይህን ጋሼ ከሽሜንደፈር ያውቁታል።

ለአንድ ቀን ዝም አለ። ከዚያ «አሥራ አምስት ሰው የለንም፤ አራት ነን» ብሎ ጻፈልኝ።

ለጋሼ አነበብኩላቸው። በርሜላቸውን እየከደኑ ነበር፤ ውኃ የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። «አራት?» አሉ። «እኛ ስንጀምር ሦስት ነበርን።»